ዕዳን ወደ 0% ካርድ ማዞር፦ አዲስ አበባ ተቀምጦ የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ለሚከፍል ሰው ወጥመዱ የቱ ጋ ነው?

ካዛንቺስ_ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የክሬዲት ካርድ ዕዳን ወደ ሌላ አዲስ ካርድ ማዞርን፣ ባላንስ ትራንስፈር የሚሉትን፣ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እህታችሁን ምከሩ። ማስታወቂያው ላይ ሁሉም ነገር ማር ነው፤ እኔ ሬቱ የቱ ጋ እንዳለ ነው ማወቅ የምፈልገው።

ቋሚ መኖሪያዬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አሁን ለ14 ወር የኮንትራት ሥራ አዲስ አበባ ነኝ፤ ቢሮዬም ማደሪያዬም ካዛንቺስ። ደመወዜ በዶላር እዚያው አሜሪካ ባንኬ ይገባል። እህቴ ቤቱ ውስጥ ስላለች ፖስታ ትቀበልልኛለች።

የዚህ ወር ሚኒመም (ባንኩ በየወሩ የግድ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ክፍያ) ከተከፈለ በኋላ የቀረው ዕዳ ይኸው፦
አንደኛው ካርድ 4,800 ዶላር፣ ወለዱ በዓመት 27.49%።
ሁለተኛው ካርድ 2,900 ዶላር፣ 24.99%።
ሦስተኛው የቤት ዕቃ መደብር ካርድ ነው፣ 1,150 ዶላር ይቀረዋል። ሲጀመር 1,900 ነበር፤ «በ18 ወር ሙሉውን ከከፈሉ ወለድ የለም» የሚል ውል አለው፤ 4 ወር ቀርቶታል። ውሉ ላይ የተጻፈው ወለድ 29.99% ነው።

አዲሱ ካርድ የሚያቀርበው ለተዛወረ ዕዳ 18 ወር 0%፣ የማዛወሪያ ክፍያ 5%፣ ከዚያ በኋላ 28.24%። ዕቃ መግዣ 0% ውስጥ የለበትም። ዝውውሩ ካርዱ በተከፈተ በ60 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት ይላል።

በወር 550 ዶላር መመደብ እችላለሁ። ያዋጣል? ምኑ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው?

ሒሳብ_ሹሟ

ያዋጣል፤ ግን እንዴት እንደሚያዋጣ በቁጥር እንየው።

አሁን ሁለቱ ካርዶች በወር የሚበሉሽ ወለድ የመጀመሪያው 110 ገደማ፣ ሁለተኛው 60 ገደማ፣ በድምሩ 170 ዶላር ነው። የማዛወሪያው 5% በ7,700 ላይ 385 ዶላር ይሆናል። ይኸውም የሁለት ወር ከሩብ ገደማ ወለድ ነው። ስለዚህ ክፍያው ራሱ አያስፈራም። አሮጌዎቹ ካርዶች ላይ እንደተቀመጥሽ በወር 476 ብትከፍዪ 20 ወር ገደማ ይወስድብሻል፣ ወለዱም 1,900 ዶላር ገደማ ይደርሳል። በ385 እና በ1,900 መካከል ያለው ልዩነት ነው ትርፍሽ።

476ን ከየት አመጣሁት? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 385ቱ ከኪስሽ አይወጣም፤ ዕዳው ላይ ይደመራል። የምትጀምሪው ከ8,085 ነው። ይህንን ለ18 ስታካፍዪው 449 ይመጣል፣ ሰውም ያንን ወረቀት ላይ ጽፎ ይረጋጋል። ነገር ግን በብዙ ካርዶች 18ቱ ወር መቆጠር የሚጀምረው ሒሳቡ ከተከፈተበት ቀን ነው፤ ገንዘቡ ከተዛወረበት ቀን አይደለም። ካርዱ ተፈቅዶ፣ ዝውውሩ ተጠይቆ፣ ገንዘቡ አሮጌው ባንክ እስኪገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሄዳል። በእጅሽ የሚቀረው 17 ክፍያ ነው ብለሽ አስቢ፤ 8,085 ለ17 ሲካፈል 476 ነው። ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር የውሉ ሠንጠረዥ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ካላገኘሽው ደውለሽ ጠይቂና «የ0% የመጨረሻ ቀን የትኛው ነው?» በይ። ስንት ወር እንደሆነ አትጠይቂ፣ ቀኑን ጠይቂ።

ሌላው ሚኒመም ነው። ባንኩ በየወሩ የሚጠይቅሽ ከዕዳው 1% ገደማ ነው፣ መጀመሪያ ላይ 81 ዶላር። እሱን ብቻ እየከፈልሽ 17 ወር ብትሄጂ የሚቀርሽ 6,800 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ 28.24% ሲገባበት በወር 160 ዶላር ወለድ። ማለትም 385 ከፍለሽ ዞረሽ እዚያው ቦታሽ ትመጫለሽ። አውቶፔይ (በየወሩ ራሱ የሚከፈል ክፍያ) ስታስገቢ ምርጫው «ሚኒመም» ላይ ተቀምጦ እንዳይቀር፤ ቋሚ መጠን የሚለውን መርጠሽ የራስሽን ቁጥር ጻፊ።

አራት_ኪሎ_ቡና

እኔ የማክለው አጭር ነው። አንዲት ቀን ካሳለፍሽ 0% ወዲያው ይጠፋል፣ ተጠንቀቂ። አሮጌዎቹን ካርዶች ደግሞ ዝውውሩ እንዳለቀ ዝጊያቸው፣ ዓይን ካላየ ልብ አይከጅልም።

የድሮ_ባንከር

ወንድሜ አራት ኪሎ ቡና፣ ሁለቱንም ላርምልዎት፣ ብዙ ሰው እንደዚያው ስለሚያምን።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ባንኩ ቀድሞ የተዛወረ ዕዳ ላይ የሰጠውን የማስተዋወቂያ ወለድ ጊዜው ሳያልቅ እንዲነጥቅ የሚፈቅደው ክፍያው ከ60 ቀን በላይ ሲዘገይ ነው። አንድ ቀን መዘግየት የመዘግየት ቅጣት ያስከፍላል፤ 30 ቀን ሲያልፍ የሰውን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች ይነገራል፣ እዚያም እስከ 7 ዓመት ይቆያል። ሁለቱም መጥፎ ናቸው፣ ግን 0% በአንድ ቀን አይተንም። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ሰው አንድ ቀን አሳልፎ «አለቀ፣ ከእንግዲህ ምን ልክፈል» ብሎ እጁን እንዳይሰጥ ነው።

አሮጌ ካርድ መዝጋት ደግሞ የሊሚትዎን፣ ማለትም የተፈቀደልዎትን የብድር ጣሪያ፣ ድምር ይቀንሳል። ስኮሩ፣ ማለትም የተበዳሪነት ነጥብዎ፣ ከሚሰላባቸው ዋና ነገሮች አንዱ ካለዎት ሊሚት ምን ያህሉን ተጠቅመዋል የሚለው ነው። ዕዳው እንዳለ ሆኖ ሊሚቱ ሲቀንስ ድርሻው ያድጋል። ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ካርድ ባዶውን ቢቀመጥ ይሻላል። እጁ ካርድ ባየ ቁጥር ለሚያሳክከው ሰው የእርስዎ ምክር ሊሠራ ይችላል፤ እንደ ሰዉ ነው።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ። ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ቅሪት ወለድ ነው፣ ምክንያቱም ዕዳው አልቋል ተብሎ ከታመነ በኋላ ነው የሚመጣው። ስቴትመንቱ (ወርኃዊው የሒሳብ መግለጫ) የሚያሳየው እስከተዘጋበት ቀን ያለውን ነው። ከዚያ ቀን እስከ ዝውውሩ መድረሻ ድረስ ወለዱ በየቀኑ ይሠራል። በ4,800 ዶላር ላይ በ27.49% ሲሰላ በቀን 3 ዶላር ከ62 ሳንቲም ነው። ስቴትመንቱ በተዘጋ በ20ኛው ቀን ገንዘቡ ቢደርስ 72 ዶላር ሳይከፈል ይቀራል። ሁለተኛው ካርድ ላይም 40 ገደማ። እነዚህ በሚቀጥለው ስቴትመንት ይመጣሉ። ባለቤቱ ግን ካርዱ ዜሮ ሆኗል ብሎ አፑን ከስልኩ አጥፍቷል። ወር ያልፋል፣ ቅጣት ይጨመራል፣ 30 ቀን ይሞላል፣ ለ72 ዶላር ብሎ የክሬዲት ታሪኩ ላይ ጥቁር ነጥብ ይገባበታል።

ስለዚህ፦ ዝውውሩ እስኪደርስ ድረስ የአሮጌዎቹን ካርዶች ሚኒመም መክፈል አይቁም፤ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልእክት ክፍያ አይደለም። ከደረሰ በኋላም ሁለት ስቴትመንት ተከታትለው ዜሮ ሲሉ ብቻ ይመኑ። ከሚገባው በላይ ከፍለው ካርዱ ላይ ትርፍ ቢቀመጥልዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ባንኩ ጥያቄው በደረሰው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ የመመለስ ግዴታ አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አዲሱ ካርድ አሁን ዕዳ ካለብዎት ከአንዱ ባንክ ጋር የሚወጣ እንዳይሆን። በራሱ ካርዶች መካከል ዕዳ የሚያዞር ባንክ የለም ማለት ይቻላል። ካርዱ ላይ የተጻፈው የንግድ ስም የተለየ ሆኖ ከጀርባ ያለው ባንክ አንድ ሊሆን ስለሚችል የካርዱን ጀርባ ያንብቡ። የመደብር ካርዶችማ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባቸው ባንክ አለ።

ፒያሳ_ደረጃው_ላይ

ከላይ ያሉት የአሜሪካውን ጨርሰውታል። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሲሠራ የሚያደናቅፈውን ልናገር።

ማመልከቻው ላይ ትክክለኛ የመኖሪያ አድራሻሽን ስጪ። ያንቺ ቤት እዚያው ስላለና ሥራሽ ጊዜያዊ ስለሆነ ችግር የለውም፤ ጠቅልሎ አዲስ አበባ የገባ ሰው ግን የዘመድ አድራሻ ሰጥቶ «እዚያ ነው የምኖረው» ቢል ሐሰተኛ ማመልከቻ ነው። ብዙ ካርድ አውጪዎች የክሬዲት ሪፖርትሽን ስለሚያዩ፣ በክሬዲት ቢሮዎቹ በኤክስፒሪያን፣ በኢኩፋክስ ወይም በትራንስዩኒየን ሪፖርትሽ ታግዶ ከሆነ አስቀድመሽ ለጊዜው አንሺው። ማንሳቱ ነጻ ነው። ካልተነሳ ማመልከቻው ይቆማል፤ አንቺም ካዛንቺስ ሆነሽ ደብዳቤ ጠብቂ ትባያለሽ።

ከማመልከቻው በፊት «ትፈቀዳላችሁ ወይ» የሚለውን ቅድመ ምርመራ ተጠቀሚ፤ ስኮር አይነካም። ማመልከቻው ግን ይነካል፣ ምልክቱም ሪፖርቱ ላይ ሁለት ዓመት ይቆያል።

ስልክ። ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ወደ አሜሪካ ቁጥርሽ ነው። በ251 የሚጀምር ቁጥር የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። ያ ሲም እዚህ ካልሠራ ወይም መስመሩን ካቋረጥሽው ገንዘብ እያለሽ መክፈል የማትችዪበት ቀን ይመጣል። መስመሩን በርካሹ ፓኬጅ ይዘሽው ቆዪ፣ በዋይፋይ ጥሪ መቀበል እንዲችል አድርጊ፣ ባንኩ በአፕ ወይም በኢሜይል ማረጋገጥ ከፈቀደ ያንንም ጨምሪ። አውቶፔዩን ደግሞ ካርዱ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት አስገቢ፤ የሚከፍለውን የባንክ ሒሳብ ለማገናኘት ሁለት ጥቃቅን ሳንቲሞች ልከው እስኪያረጋግጡ ቀናት ይወስዳል።

ሰዓት። ብዙዎቹ የመክፈያ ቀን መዝጊያቸው በምሥራቅ አሜሪካ በፈረንጅ ሰዓት ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ነው። በበጋቸው ያ በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ኖቬምበር ላይ ሰዓታቸውን ሲመልሱ ከሌሊቱ 7 ይሆናል። «ዛሬ ማታ እከፍላለሁ» ለሚል ሰው ይህ የሚጠቅመው ይመስላል፣ ግን የሌሊት ክፍያ ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ቀኑ ያልፋል። ሦስት ቀን ቀድመሽ ክፈዪ።

ቀን። የአሜሪካ ስቴትመንት ወሩን ያስቀድማል። 03/04 ማርች 4 ነው፤ ኤፕሪል 3 አይደለም። የ0% ማብቂያ ላይ ይህንን ገልብጦ ማንበብ አንድ ወር ያሳስታል። ኦክቶበርን ጥቅምት ብለሽም ቀን መቁጠሪያ ላይ እንዳታሰፍሪው፤ ጥቅምት የሚጀምረው ኦክቶበር 11 ወይም 12 ነው። ዝም ብለሽ በፈረንጅ ቀን ጻፊው።

አሁን የሚቆጠቁጠው። አዲሱ ካርድ የሚያብረቀርቅ ሊሚት ይዞ ቦርሳሽ ውስጥ ሲቀመጥ መስቀል አደባባይ አካባቢ ያለ ሆቴል በካርድ ይቀበላል፣ ትከፍዪያለሽ። ሦስት ነገር ይደርስብሻል። አንደኛ፣ ብዙ እንዲህ ያሉ ካርዶች ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ግዢ 3% ያስከፍላሉ። ሁለተኛ፣ የተዛወረው ዕዳ ወር እስከ ወር ስለሚቀር ግዢ ላይ ያለው ያለወለድ የመክፈያ ጊዜ በአብዛኞቹ ካርዶች ይጠፋል፤ የእራቱ ገንዘብ ከዚያው ቀን ጀምሮ በ28.24% ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ስትከፍዪ ከሚኒመሙ በላይ ያለው ገንዘብ በሕግ ወደ ከፍተኛው ወለድ ይሄዳል። ያ ለወለዱ ጥሩ ነው፣ ግን 476 አድርገሽ ያሰብሽው ክፍያ ለእራቱ ሲሄድ የተዛወረው ዕዳ ቆሞ ይቀራል። ከኤቲኤም ብር ካወጣሽበት ደግሞ የባሰ ነው፦ የጥሬ ገንዘብ ብድር ይባላል፣ የራሱ ክፍያ አለው፣ ወለዱ ከፍ ያለ ነው፣ ያለወለድ የመክፈያ ጊዜም የለውም። አዲሱን ካርድ እህትሽ ጋ መሳቢያ ውስጥ ተዪው። እዚህ የሚያስፈልግሽን በዴቢት ጨርሺ።

ካዛንቺስ_ማዶ

እናመሰግናለን፣ ይሄ ሁሉ ማስታወቂያው ላይ የለም! ሁለት ነገር ላክል። የሚፈቀድልኝ ሊሚት 6,000 ብቻ ቢሆንስ? የመደብሩስ ካርድ የት ይገባል? ደግሞ አንድ ቤት እዚህ አከራያለሁ፣ የኪራዩን ብር ወደዚህ ዕዳ ባዞረው 550ው ከፍ ይላል፣ ልቁጠርበት?

ፒያሳ_ደረጃው_ላይ

ስለ ኪራዩ እኔ ልመልስ፦ አትቁጠሪበት። ዕዳው በዶላር ነው፣ ኪራዩ በብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 550 ዶላር ከዚያ በፊት 31,350 ብር ነበር፤ በ100 ሲመነዘር 55,000። የኪራይ ውል በዚያ ፍጥነት አይከለስም። በዚያ ላይ ብር ቀይሮ የውጭ አገር ዕዳ መክፈል የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚገዛው ጉዳይ ነው፤ የጎን መንገዱ፣ ጥቁር ገበያው፣ ደግሞ ሕገ ወጥ ነው። ብሩን እዚህ ለኑሮሽ አውዪው፣ ከዶላር ደመወዝሽ የሚቆጠበውን ለዕዳው። እንዲያ ሲሆን 550ውን ሳትነኪ ትሄጃለሽ።

ሒሳብ_ሹሟ

የመደብሩ ካርድ ከሁሉም አስቸኳይ ነው፣ ስሙ ወለድ አልባ ስለሆነ ግን ሰው መጨረሻ ላይ ይተወዋል። የሱ 0% እና የአዲሱ ካርድ 0% አንድ አይደሉም። አዲሱ ካርድ ላይ 18 ወር ሲያልቅ ወለድ የሚጀምረው በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ነው፣ ከዚያ ቀን ወደፊት። የመደብሩ ግን ወለዱን ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ ከጎን እየመዘገበ ነው የቆየው፤ ዲፈርድ ኢንተረስት የሚሉት ይህ ነው። በመጨረሻው ቀን 20 ዶላር እንኳ ቢቀር ያ የተመዘገበው በሙሉ በአንዴ ይጫንብሻል። ከ1,900 ወደ 1,150 በእኩል እየቀነስሽ መጥተሽ ከሆነ እስከ አሁን ብቻ ከ500 ዶላር በላይ ተከማችቷል።

1,150 ለ4 ሲካፈል 287.50 ነው። ይህንን ከ550ው መጀመሪያ ቁረጪ። ሙሉው 7,700 ከተዛወረልሽ እንዲህ ይሄዳል፦ ዝውውሩ በሚጠበቅበት ወር 287.50 ለመደብሩ፣ የቀረው 262.50 ለአሮጌዎቹ ሁለት ካርዶች ሚኒመም። ቅሪት ወለዱም ከዚያው ይሸፈናል። በቀጣዮቹ 3 ወሮች 287.50 ለመደብሩ፣ 262.50 ለአዲሱ ካርድ። ከዚያ 14 ወር ሙሉውን 550 ለአዲሱ። አዲሱ ላይ የሚገባው ድምር 8,487.50 ነው፣ ዕዳው 8,085። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ መፈናፈኛሽ 400 ዶላር ብቻ ነው። የአውሮፕላን ትኬት እዚያ ካርድ ላይ ብትጭኚ ዕቅዱ ይፈርሳል። አውቶፔዩን መጀመሪያ 262 ላይ አድርገሽ ከአዲሱ ካርድ አራተኛ ክፍያ ጀምሮ ወደ 550 መቀየር እንዳትረሺ፤ ስልክሽ ላይ ማስታወሻ አስቀምጪ።

ሊሚቱ 6,000 ከሆነ ክፍያውም ሊሚቱ ውስጥ ነው የሚገባው። 6,000 ለ1.05 ሲካፈል 5,714፤ ከዚያ በላይ ብትጠይቂ ወይ ይቆርጡታል ወይ ይመልሱታል። አንዳንዱ ባንክ ደግሞ ለዝውውር የሚፈቅደው ከሊሚቱ የተወሰነ ድርሻ ብቻ ነው፤ ጠይቂ። ጠርዙ ላይ አትቁሚ፤ 4,800ን ሙሉ እና ከሁለተኛው 700፣ በድምሩ 5,500 አዙሪ። ክፍያው 275፣ አዲሱ ካርድ 5,775 ይጀምራል። ማመልከቻው ላይ የዝውውር ዝርዝር ስትሞዪ ውዱን ካርድ አስቀድሚ፤ ሊሚቱ ሲያንስ በተጻፈበት ቅደም ተከተል የሚሞሉ አሉ። እኔ ግን ሊሚቱ ከታወቀ በኋላ መጠየቁን እመርጣለሁ፣ 60 ቀኑ እስካላለፈ። ልብ በይ፣ 60 ቀኑ «መጠናቀቅ» ነው የሚለው፤ በ55ኛው ቀን የተጠየቀ ዝውውር ሊያመልጠው ይችላል።

ሁለተኛው ካርድ ላይ 2,200 ይቀራል በ24.99%። እዚህ ጋ ሰው 0%ውን ቶሎ ልጨርስ ይላል፣ ተቃራኒው ነው። አዲሱ ላይ ሚኒመሙን ብቻ፣ 58 ዶላር ገደማ፣ የቀረውን ሁሉ ሁለተኛው ካርድ ላይ። የመደብሩ ሲያልቅ ፍጥነቱ ይጨምራልና በ7ኛው ወር ገደማ ሁለተኛው ያልቃል፤ በአጠቃላይ 210 ዶላር ገደማ ወለድ ይበላሻል። ያኔ አዲሱ ላይ 5,200 ገደማ ይኖራል፣ 10 ክፍያ በ550 ደግሞ 5,500 ነው። ይደርሳል።

የድሮ_ባንከር

ሒሳቡ ትክክል ነው። አንድ ጎን ብቻ ልጨምር፦ ከ6,000 ላይ 5,775 የተያዘ ካርድ 96% ሞልቷል ማለት ነው፤ ስኮር ይቀንሳል። ዕዳው ሲወርድ ይመለሳል። ነገር ግን በሚቀጥሉት ወራት የቤት ወይም የመኪና ብድር ሊጠይቁ ካሰቡ፣ ያኛው ብድር ካለቀ በኋላ ይህንን ያድርጉ።

ራስዎን ለ17 ወር መቆጣጠር የሚከብድዎት ከሆነ ሌላ በር አለ። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየን (በአባላቱ የተያዘ የቁጠባና ብድር ተቋም) የግል ብድር ወለዱ ከ18% እንዳያልፍ ገደብ አለበት። በ18% 7,700 ቢበደሩ የ18 ወር ክፍያው 491 ነው፣ ወለዱ በድምሩ 1,140 ገደማ። ከ385 ይበልጣል፤ ግን ክፍያው ቋሚ ነው፣ ማብቂያው ቋሚ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ባዶ ሊሚትም የለውም። በወር 491 ከመደብሩ 287.50 ጋር ከ550 በላይ ስለሚሆን ለመጀመሪያዎቹ 4 ወሮች አይበቃዎትም፤ 24 ወር ቢያደርጉት 384 ይሆናል፣ ያም ቢሆን ከመደብሩ ጋር ሲደመር ከ550 ይበልጣል። የእርስዎ ቁጥር ለዝውውሩ ነው የሚስማማው፣ ራስን መግዛቱ ካለ።

ለገሀር_ዳር

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ ይሄ ነገር እዚህ አገር ባንኮች ጋ አለ እንዴ?

ሒሳብ_ሹሟ

በዚህ መልኩ የለም ወንድሜ። እዚህ ሰው በእጁ የያዘው በአብዛኛው ዴቢት ካርድ ነው፣ ከራስህ ሒሳብ የሚቀንስ፤ የሚዞር ዕዳ የለውም። ብድርን ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ማዛወር ሌላ ጉዳይ ነው፣ የመያዣ ማስለቀቅና እንደገና ማስመዝገብ ስላለበት። ለእሱ ሌላ ርእስ ክፈትበት።

ካዛንቺስ_ማዶ

አሁን እህቴ ደውላ ነበር። ካንደኛው ካርድ ባንክ ፖስታ መጥቷል፣ ውስጡ ስሜ የታተመባቸው ሦስት ባዶ ቼኮች። «ለማንኛውም ይጠቀሙበት፣ 0%» ይላሉ። በነዚህ ሁለተኛውን ካርድ ብከፍልስ፣ አዲስ ካርድ ሳላወጣ?

የድሮ_ባንከር

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቼኩ ራሱ ዝውውር ሊሆን ይችላል፣ የጥሬ ገንዘብ ብድር ሊሆንም ይችላል። ከቼኮቹ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ያለውን ሠንጠረዥ እህትዎ ፎቶ አንስታ ትላክልዎት፤ የሚፈለጉት አራት ነገሮች ናቸው፦ 0% እስከ ስንት ቀን፣ ክፍያው ስንት በመቶ፣ ቼኩ እስከ መቼ ቢገባ ነው 0% የሚያገኘው፣ እና «ካሽ አድቫንስ» የሚል ቃል አለ ወይ። የመጨረሻው ካለ ወይም የማብቂያ ቀኑ ካለፈ ወዲያውኑ ተቀዶ ይጣል።

ዝውውር ነው የሚል ቢሆን እንኳ ያንን ቼክ የሚጽፉት 27.49% ያለው 4,800 ባለበት ካርድ ላይ ነው። ከሚኒመሙ በላይ የሚከፍሉት ወደ 4,800ው ይሄዳል፣ 0%ውም ሳይነካ ጊዜው ያልቅበታል። አዲስ ካርድ ላይ ግን ከዝውውሩ ሌላ ምንም ስለሌለ ሙሉ ክፍያዎ እዚያው ይውላል። ቼኮቹን ግን ዛሬውኑ ትቅደዳቸው፤ ስምዎና የሒሳብ ቁጥርዎ የታተመበት ቼክ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አይውልም።

ካዛንቺስ_ማዶ

ገባኝ። እየቀደደቻቸው ነው፣ ድምፁ በስልክ ይሰማል።